ከባንኩ በፊት እድር ነበረ

ውድ እህቴ፣ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለት ዓመት በባንክ መስኮት ገንዘብ ስትቀበዪና ስትከፍዪ ቆይተሻል፤ የእድራችሁን መዝገብም ያለ ክፍያ ትይዣለሽ። በመጪው ወር 20,000 ዶላር ዕቁብ ይደርስሻል። አባትሽ ነርስነት ተማሪ ይላሉ፤ አንቺ ግን ሪችመንድ ሄደሽ ባንክና መደብር የከፈተችውን የጥቁር አሜሪካዊቷን የማጊ ወከርን ቤት ከጎበኘሽ ወዲህ ሥራሽን ለቅቀሽ የልብስ መደብር ልትከፍቺ ቆርጠሻል። «እሷም በባዶ እጇ ነው የጀመረችው» ብለሻል።

ብዕር ያስነሣኝ ይህ አባባልሽ ነው። ድሃ ነበረች፣ እሱን አልክድም። በ1864 እ.ኤ.አ. ሪችመንድ ውስጥ ተወለደች፤ የእንጀራ አባቷ ሲሞት እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻት፤ ማጊም የታጠበውን ለየደንበኛው ታደርስ ነበር። አድጋ አስተማሪ ብትሆንም በ1886 ስታገባ፣ ያገባች ሴት አታስተምርም የሚል ደንብ ስለነበረ ሥራዋን ለቀቀች። ነገር ግን በ14 ዓመቷ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር አባል ሆና ነበር። አባላቱ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ የታመመውን ይረዳል፣ የሞተውን ይቀብራል። ላንቺ ይህን ማብራራት ምን ያደርጋል፤ እድር ነው!

በ1899 ዋና ጸሐፊ ሆና ስትመረጥ በማኅበሩ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል አገልግላ ነበር። የተረከበችው ካዝና 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነበረበት፤ ያልተከፈለው ዕዳ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል፤ መዋጮ የሚከፍሉት አባላት 1,080 ናቸው። የእሷ ደመወዝ በወር 8 ዶላር። ማኅበሩ ባንክ፣ ጋዜጣና መደብር ያስፈልገዋል ብላ በጉባኤ የተናገረችው በ1901 ነው። ባንኩን ከመክፈቷ በፊትም በከተማዋ ባለ አንድ የነጮች ባንክ እየተመላለሰች ሥራውን አጠናች። የሳንቲም ቁጠባ ባንኳ ኖቬምበር 2 ቀን 1903 ሲከፈት በአሜሪካ ባንክ ለማቋቋም ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በዚያ ቀን 31 ሳንቲም ብቻ ይዞ መጥቶ ያስቀመጠ ደንበኛ ነበረ። ያ ሰው ገንዘቡን ያመጣው ማጊን አስቀድሞ በማኅበሩ ስለሚያውቃት ይመስለኛል።

መደብሩስ? በ1905 ተከፈተ። ነጭ ነጋዴዎች አቅራቢዎች ዕቃ እንዳይሸጡላት ጫና አደረጉ፤ ብዙ ጥቁር ሸማቾችም ወደ ለመዱት ሱቅ መሄዳቸውን አልተዉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ከጀርባው ባንክ፣ ጋዜጣና በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት የነበሩት መደብር ነው የተዘጋው። አንቺ ከጀርባሽ አንድ ዕቁብ ብቻ አለሽ። ባንኩ ግን ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ፣ እሷ በ1934 ካረፈች በኋላም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስለሆነ ለመዝገብ አዳላ ይሆናል፤ ይህን እያወቅሽ አንብቢኝ። አንድ ጊዜ የወሩ ሒሳብ አልገጥም አለኝ፤ ካዝናው ውስጥ 12 ብር ትርፍ ነበር። ሁለት ሌሊት ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። በሦስተኛው ቀን አንዲት የጉልት ነጋዴ መጣች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታ የ12 ብር ደረሰኝ አወጣች። ከፍላለች፣ እኔ አልመዘገብኩላትም። ምንም አልተቆጣችም፤ ስመዘግብ ግን እስክጨርስ ቆማ አየችኝ።

ስለዚህ ባንኩን አትልቀቂ፤ ወደ ብድር ክፍል እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ። ለማን ብድር እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚከለከልና ለምን እንደሆነ የምታዪው እዚያ ነው። ልብሱን ደግሞ ከዕቁቡ በ2,000 ዶላር ሞክሪው፤ ለፋሲካ ሠላሳ ቀሚስ አምጪና ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ በዱቤ እንደወጣ፣ ዱቤውም መቼ እንደተመለሰ ጻፊ። የዓመት ኪራይ ውል የምትፈርሚው ከዚያ በኋላ ነው። ቀሪው ገንዘብ አይነካ፤ ዕቁቡ መውጣቱንም አገር ቤት ላለ ዘመድ ሁሉ አታውጂ። በየወሩ የምትልኪው 500 ዶላር ይበቃል።

አባትሽን በተመለከተ አልለሳለስም። ነርስነት የተከበረ ሙያ ነው፤ እሳቸው የወደዱት ግን ሙያውን ሳይሆን የጎረቤት ልጅ የምታገኘውን ደመወዝ ነው። አንቺ ደም ስታዪ ራስሽን እንደምትስቺ ነግረሽኛል፤ ይህንኑ ለእሳቸው ንገሪያቸው። ስለ እንግሊዝኛ አነጋገርሽ የጻፍሽውን አነበብኩት፤ ደንበኞችሽ ከተረዱሽ ይበቃል።

የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነው ብለሻል። ሽማግሌዎቹን የአምስት ዓመቱን መዝገብ ጠይቂያቸው፤ የማይገጥም ሒሳብ ካገኘሽ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።