መልስ፦ ኢንግሪድ በርግማን የኢንግማር በርግማን ምኑ ናት?

ተዋናይቷ ኢንግሪድ የፊልም ዳይሬክተሩ የኢንግማር እኅትም ሚስትም አይደለችም። እርሷ በ1915 በስቶክሆልም ከፎቶግራፍ አንሺ አባት፣ እርሱ በ1918 በኡፕሳላ ከሉተራን ቄስ ቤተሰብ የተወለዱ ሲሆን፣ የቤተሰብ ስማቸው የተመሳሰለው በአጋጣሚ ነው (ቀኑም ዓመታቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አብረው የሠሩት አንድ ፊልም ብቻ ነው። በ1978 በወጣው «የመጸው ሶናታ»፣ በሆሊውድ የገነነችውና ሦስት ኦስካር የተሸለመችው ተዋናይት ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ ወደ ስዊድንኛ ተመልሳ፣ ለሙያዋ ስትል ልጇን ችላ ያለች ፒያኒስት እናት ሆና ተጫውታለች። በእኔ አስተያየት የችሎታዋ ልክ ከ«ካዛብላንካ» ይልቅ እዚህ ይታያል። በመድረክ ሥራዋም፣ በ1947 በብሮድዌይ ፈረንሳዊቷን ጀግና ዣን ዳርክን በተጫወተችበት ቲያትር ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት አግኝታለች።

ስለ እርሷ ሲጽፉ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ዳይሬክተሩ በ1971 ያገባት የመጨረሻ ሚስቱም ስሟ ኢንግሪድ ስለነበረና የባሏን የቤተሰብ ስም ስለወሰደች፣ ሁለቱን ሴቶች ማምታታት ቀላል ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ የሚስቱን የሞት ዓመት 1995ን ለተዋናይቷ ሰጥቼ ጽፌ በአንባቢ ታርሜአለሁ። ተዋናይቷ ያረፈችው ነሐሴ 29 ቀን 1982 ለንደን ውስጥ፣ 67 ዓመት በሞላት ዕለት ነው።