ስለ ፈረሰው ሰፈራችን ዘፈን ሠራሁ፤ ፖሊስ ደወለልኝ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጠበቃ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድምፃዊት ነኝ። ቤተሰቤ ፒያሳ ከኖረበት ሰፈር በልማት ተነሥቶ አሁን የከተማው ዳር ነው ያለው። ስለዚያ አንድ ነጠላ ዜማ ሠራሁ። ግጥሙ ሰም እና ወርቅ ነው፤ ወርቁ ሹማምንቱን ይነካል። አንዱ ስንኝ ላይ ግን ያፈረሰን የእገሌ ብሔር ነው የሚል ሐሳብ አለ፤ ስሙም ይጠራል። ክሊፑ ላይ የአንድ የወረዳ ኃላፊ ፎቶ "ሌባ" ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታያል። የስቱዲዮው ባለቤት "ግጥሙን አስገምግመሽ ደብዳቤ ካላመጣሽ አልለቀውም" አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ቅንጫቢውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ትናንት ከፖሊስ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ "ለአንዳንድ ነገር ትፈለጊያለሽ፣ ነይ" አለኝ። በዘፈን እታሰራለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከስልኩ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ፖሊስ አንድን ሰው በወንጀል ጠርጥሮ ሲፈልገው የሚጠራው በጽሑፍ መጥሪያ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 25 እንደዚያ ይላል። ስለዚህ ለደወለልሽ ሰው ስሙን፣ የትኛው ጣቢያ እንደሚሠራና በምን ጉዳይ እንደምትፈለጊ ጠይቂው። መጥሪያ እንዲልክልሽም ንገሪው። በትሕትና ጠይቂ እንጂ ስልክ አትዝጊበት፣ አትሰወሪ። መጥሪያው ሲደርስሽ ጠበቃ ይዘሽ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ።

እዚያ ስትደርሺ ያለመናገር መብት አለሽ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አስቀምጦታል። "ይቺ ስንኝ ማንን ነው?" ብለው ሲጠይቁሽ ለማስረዳት አትቸኩዪ። አርቲስት ሥራውን ማብራራት ይወዳል፤ መርማሪ ፊት ግን የምትሰጪው ማብራሪያ በሙሉ ቃልሽ ሆኖ ይመዘገባል። "ጠበቃዬ ባለበት ቃሌን እሰጣለሁ" በይ። የምትፈርሚበትን ወረቀት መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቢይዙሽ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጫ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለብሽ። ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። እዚህ ላይ ጠበቃሽ አጥብቆ መከራከር አለበት። ዘፈኑ ተቀድቷል፣ ቅንጫቢው ቲክቶክ ላይ አለ፣ ግጥሙ ይታወቃል። አንቺ ውጭ ብትሆኚ የሚጠፋ ማስረጃ የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ዳኛው ፊት አንሡና ዋስትና ጠይቁ። ዳኛ ፊት ሳትቀርቢ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየሽ፣ ቤተሰብሽ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

አሁን ወደ ዘፈኑ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲዘረዝር በቃል፣ በጽሑፍና በሕትመት ብሎ አላበቃም። "በሥነ ጥበብ መልክ" የሚል ጨምሮበታል። ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ይህ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ መሆኑን፣ ሕጉም የሐሳቡን ይዘት ወይም ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት መነሻ አድርጎ ሊገድብ እንደማይችል ይናገራል። ገደብ ሊጣል የሚችለው የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ አደባባይ ንግግርም በሕግ ይከለከላሉ። ሰፈሬ ፈረሰ፣ ጎረቤቴ ተበተነ፣ የሰማን የለም ብሎ መዝፈን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም። ሹማምንትን መውቀስም በእነዚህ ውስጥ የለም።

ሰም እና ወርቁስ? ብዙ ሰው "በሰሙ አመልጣለሁ" ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጠበቂያሽ ሰሙ አይደለም፤ ወርቁ ራሱ ወንጀል አለመሆኑ ነው። ሹመኛን የሚተች ወርቅ በግልጽ ቢነገርም መብት ነው። ዐቃቤ ሕግ "ወርቁ አመፅ ነው" ቢል ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በሕግ ያልተጻፈን ድርጊት ከተጻፈው ጋር በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። አንድ ስንኝ ሁለት ፍቺ ከተሸከመ፣ አድማጭ የፈታው ፍቺ ያንቺን ሐሳብ አያረጋግጥም።

ይህን ስል ሁሉም ነገር እንደ ወረቀቱ ነው እያልኩሽ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ድምፃዊት ሴና ሰለሞን ከሙያ ባልደረቦቿ ጋር ታስራ በሽብር ተከሳለች። የክሱ አንዱ መሠረት ዩቲዩብ ላይ የተጫኑ የኦሮምኛ ዘፈኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" አልበም ምረቃ ሒልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ ተከልክሏል። ያኔም አንቀጽ 29 እንደ ዛሬው ነበረ። ሴና የተከሰሰችበት የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ አሁን ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ስለዚህ ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አልልሽም። መብቱን ይዘሽ፣ ጥንቃቄውንም ይዘሽ ሂጂ ነው የምልሽ።

ዋናው ችግር ያለው ያቺ የብሔር ስም የምትጠራ ስንኝ ላይ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳን ንግግር ነው። ልብ በይ፣ ሹመት እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከንቲባን፣ ሚኒስትርን፣ ፓርቲን መተቸት በዚህ አዋጅ አያስጠይቅም። ብሔር ግን አለ። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል።

አዋጁ አንቀጽ 6 ላይ የኪነ ጥበብ ፈጠራ አካል የሆነ ንግግር እንደማይከለከል ይገልጻል። ይህ ለአንቺ ትልቅ መከራከሪያ ነው፤ ክስ ከመጣ እኔም የማነሣው እሱን ነው። ቢሆንም ስንኟን አውጫት። ቤታችሁን ያፈረሰው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውን የሰጡ ሰዎች ደግሞ ኃላፊነትና ፊርማ አላቸው። አንድ ሕዝብ በጅምላ ቤታችሁን አላፈረሰም። ስንኟ ከሕጉ በፊት እውነቱን ታበላሻለች።

የሩዋንዳውን ዘፋኝ ሲሞን ቢኪንዲን ጉዳይ ልንገርሽ። ታንዛኒያ አሩሻ የነበረው የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. 15 ዓመት ፈርዶበታል። ያስፈረደበት በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) እልቂት ጊዜ በመንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ የጠራው ጥሪ ነበር። ዘፈኖቹ ለጥላቻ ፕሮፓጋንዳ እንደዋሉ ፍርድ ቤቱ ተቀብሏል። ሲጽፋቸው ግን ለግድያ ለማነሳሳት አስቦ እንደነበር በበቂ አልተረጋገጠም ብሎ በዘፈኖቹ አልቀጣውም። ያን ያህል ደም በፈሰሰበት ጉዳይ እንኳ ዳኞቹ በዘፈንና በግድያ ጥሪ መካከል ያለውን መስመር ጠብቀዋል። ይህ ለአርቲስት ትልቅ ጥበቃ ነው። ግን ዘፈኖቹ ማን እጅ ገብተው ምን እንደተሠራባቸውም አስቢ።

የኃላፊው ፎቶም ይነሣ። "ሌባ" ብለሽ ፊቱን ካሳየሽ ከፖለቲካ ትችት ወጥተሽ አንድን ሰው በወንጀል እየከሰስሽ ነው። ማስረጃ በእጅሽ ከሌለ በስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ሊያስከስስሽ ይችላል። በፎቶው ፈንታ የፈረሰውን ቤታችሁን አሳዪ። ስሜቱም ይበረታል።

የስቱዲዮው ባለቤት የጠየቀሽን ደብዳቤ ሕግ አያስገድድሽም። ቅድመ ምርመራ የተከለከለው አንቀጽ 29 ንዑስ 3 ላይ በፕሬስ ነፃነት ሥር ተዘርዝሮ ነው፤ የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትም የተረጋገጠው በዚያው ንዑስ አንቀጽ ነው። ግን ባለቤቱ የግል ሰው ነው፤ አልለቅም ካለ አታስገድጂውም። ገንዘብ ከፍለሽው ከሆነ ውልሽን አውጥተሽ እዪ። ቅጂውን ተረክበሽ በራስሽ ቻናል መልቀቅ ትችያለሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ በጥላቻ ንግግር አዋጁ ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ "ማሰራጨት" አይባልም። እሱ ግን ራሱ ጭኖታል። ያቺ የብሔር ስንኝ በቅንጫቢው ውስጥ ካለች፣ ጥያቄው ከአንቺ አልፎ እሱ ጋም ይደርሳል። መጥሪያ ከደረሳችሁ በኋላ ቅንጫቢውን ማጥፋት ማስረጃ እንደ መደበቅ ሊታይ ስለሚችል ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ። ስንኟ ከሌለችበት ግን ቪዲዮው ባለበት ይቆይ።