መልስ፦ ከሕፃን ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን

እህቴ፣ የ10 ወር ሕፃንና የ4 ዓመት ልጅ ይዘሽ ስትበሪ ተሳፋሪው እንዳይቸገር ምን ላድርግ ብለሻል።

ሕፃን አውሮፕላን ላይ አምርሮ እንዲያለቅስ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው የጆሮ ሕመም ነው፤ የሚብሰውም አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በበረራ ጊዜ የውስጡ አየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ጆሮ ብዙም አይጨነቅም። ዋሽንግተን ግን ዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ ጡቱን ወይም ጡጦውን ለመውረጃው አቆዪለት፤ ከማረፉ 30 ደቂቃ ገደማ ቀደም ብለሽ ስጪው። ተኝቶ ከሆነም ቀስቅሺው፤ የተኛ ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለማይውጥ ጆሮው ይዘጋል። መንገድ ላይ የሚያርፍ በረራ ከሆነም እዚያ ሲወርድ እንዲሁ አድርጊ። አፍንጫው ከታፈነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው።

ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን የሕፃን አልጋ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የክብደት ገደብም አለው። ዳይፐር መጸዳጃ ቤት ውስጥ ብቻ ቀይሪ፤ ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ መቀየር በፍጹም አይገባም። ያገለገለውን በፌስታል ቋጥረሽ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ክተቺ።

ትልቋ ጫማዋን ታውልቅ፤ በዚህ ዕድሜ እግር ልክ የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ይደርሳል። ከፊቷ የራሳችሁ ሰው ቢቀመጥ ደግሞ ግልግል ነው። ስልክ ካየች ያለ ማዳመጫ አይሁን።

ለጎረቤቶችሽ ስትቀመጪ ሰላምታ ስጪ፤ ስጦታ ማደል አያስፈልግም። ካለቀሰ፣ የቀበቶው መብራት ካልበራ ተነሥተሽ ወደ ኋላ አንሸራሽሪው።