ፋስት ትራቭል ልጠቀም ወይስ በእግሬ ልሂድ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ መብራት ሄዶብኝ ዛሬ ነው የምመልስልህ። «ስካይሪምንና ዊቸር 3ን ሃርድ ዲስክ ላይ አስገልብጬ አዘዞ ገባሁ። ከሥራ መልስ ማታ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው ያለኝ። ጓደኛዬ ግን ፋስት ትራቭል የሚጠቀም ሰው ጌሙን ተጫወትኩ አይበል ይለኛል። እውነቱን ነው? ከየትኛውስ ልጀምር?» ነው ያልከው። (ፋስት ትራቭል ለማያውቅ፦ ካርታ ላይ ቦታ መርጦ፣ መንገዱን ሳይጓዙ እዚያው መድረስ ነው።) እስካሁን ከመለሱልህ አብዛኞቹ «እንደ ሙድህ» ብለው አልፈዋል። ሙዱን ያወቀ ሰው ምን ሊያደርግ ይጠይቃል?

እኔ ኦፕን ወርልድ (ሰፊ ዓለም እንደልብ የሚዞርበት ጌም) የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሰው የሚመጣው ለኳስ ነው። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፣ ሌላው በሰዓት። እኔ ጥግ ላይ ባለችው ስክሪን ስካይሪም ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቱ በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ሂሳብ እየቆጠረበት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ተራራ የሚያይ ማን አለ? ካርታ ከፍቼ ከተማ እመርጣለሁ፣ እደርሳለሁ፣ የሚገደለውን ገድዬ ካርታ እከፍታለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ስል ከርሜ ዋናውን ታሪክ ጨረስኩ። (ሴቬን፣ ማለትም የደረስኩበትን ያስቀመጥኩበትን፣ በኋላ አንድ ልጅ የራሱን ደርቦበት አጠፋው። እስከዛሬ ማን እንደሆነ እጠረጥራለሁ።)

የራሴን ላፕቶፕ ስገዛ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። «ከዋይትረን ወደ ሪፍተን በየት በኩል ነው የሚኬደው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ሪፍተን ስንት ጊዜ እንደገባሁ አልቆጥረውም፤ በሮቹን፣ ገበያውን፣ ሌቦቹ የሚያድሩበትን ጉድጓድ አውቃለሁ። በየት እንደሚኬድ ግን አላውቅም። ልጁ ሳቀብኝ። በዚያ ንዴት ነው በእግሬ የተነሳሁት።

ከዋይትረን ወደ ምሥራቅ ወንዙን ይዘህ ስትሄድ ቫልታይም የሚባሉ ሁለት ግንቦች አሉ፣ በወንዙ ላይ በድንጋይ ድልድይ የተያያዙ። እዚያ ሽፍቶች ኬላ አቁመው 200 ወርቅ ይጠይቁሃል። ከፍለህ ታልፋለህ፣ በአፍህ አታለህ ታልፋለህ፣ ወይም ትዋጋለህ። እኔ ያን ሁሉ ክረምት ይህን ኬላ አላየሁትም ነበር። ቀጠልን። ከመንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ኦርክ (ከጌሙ ዘሮች አንዱ፣ ተዋጊ) ቆሟል፣ አጠገቡ ሁለት ትልልቅ አውሬዎች ሞተው ተጋድመዋል። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አልጋ ላይ መሞት አልፈልግም፣ የሚገባኝን ሞት የሚሰጠኝ እየጠበቅሁ ነው ይልሃል። መድረሻ የሚያሳይ ቀስት አይጠቁምህም፣ የሥራ ዝርዝር ውስጥም አይገባም። ወንድሜ «ግደለው፣ ራሱ ጠይቆሃል» ይላል፤ እኔ «ሽማግሌ ነው እኮ» እላለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ትቼው ሄድኩ፤ ወንድሜ እስከዛሬ «የሰውየውን ጸሎት ያልሰማህ» ይለኛል። ይህ ኦርክ ጌም ቤት ሆኜ ቢሆን በፍጹም አይገጥመኝም ነበር፣ ምክንያቱም የሚመጣው መንገድ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው።

እስከዚህ ጓደኛህ ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩን አክርሮታል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። የስካይሪም ታላቅ ወንድም ሞሮዊንድ፣ በፈረንጆቹ 2002 የወጣው፣ ካርታ ከፍቶ መዝለል የሚባል ነገር አልነበረውም። ትራንስፖርት ግን ነበረው። ፎቅ የሚያህል፣ እግሩ የረዘመ፣ ነፍሳት የሚመስል ሲልት ስትራይደር የሚባል እንስሳ ላይ ከፍለህ ትሳፈራለህ፤ ጀልባ አለ፤ የጠንቋዮቹ ማኅበር ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያሻግርሃል። ሁሉም የየራሱ መስመር አለው። ቀጥታ የሌለው ቦታ ከሆነ ልክ እንደ መነኻሪያ አንዱ ጋ ወርደህ ሌላውን ትይዛለህ። ቀስትም የለም። ሥራ የሰጠህ ሰው በአፉ ይነግርሃል፦ ከከተማው ወጥተህ መንገዱን ያዝ፣ ድልድዩን ስትሻገር እንዲህ ዓይነት ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ጎንደር ውስጥ ለእንግዳ እንዴት ነው መንገድ የምንነግረው? የመንገድ ስም የሚጠራ አለ? «ፒያሳ ውረድ፣ ግንቡን ይዘህ ዙር፣ ከዚያ ማንንም ጠይቅ» ነው። ሞሮዊንድ እንደዚያ ነው። አንዳንዴ የሚነግሩህ ስህተት ነው፤ እሱም እንደኛው ነው።

በ2006 ኦብሊቪየን ሲመጣ ትልልቆቹ ከተሞች ገና ከመጀመሪያው ካርታው ላይ ክፍት ሆኑ፣ መድረሻውን የሚያሳይ ቀስትም አብሮ መጣ። ሁለቱ ተደጋገፉ። ቀስት ካለ ጸሐፊው መንገዱን በቃል መጻፍ አያስፈልገውም። ተጫዋቹ መዝለል ከቻለ ደግሞ ዕቃው አገሩ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ፣ ተመልሶ ለሰጪው ቢባል፣ ማንም አይጨነቅም። ስካይሪም በ2011 ሲወጣ ትንሽ አጠበቀው፣ አንድ ጊዜ ወዳገኘኸው ቦታ ብቻ ነው የምትዘለው፤ ቀስቱ ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በየቀኑ ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስህ ሥራ ሲሰጥህ በእግሬ ልጨርሰው ብትል የሚደክመው እግርህ ነው፣ ጌሙ አያመሰግንህም። ሲሠራም እንደማትራመደው ታስቦ ነው የተሠራው።

ለዚህ የምጠቀምበት አንድ መፈተኛ አለኝ። አንድ ኩዌስት (ጌሙ የሚሰጥህን ሥራ) ተቀበልና ቀስቱን አጥፋው። የተነገረህን ሰምተህ፣ ጆርናሉን አንብበህ ብቻ ቦታውን ማግኘት ትችላለህ? ከቻልክ ያ ጌም መንገዱ ላይ ለፍቷል፣ በእግርህ ሂድ። «እዚህ ዋሻ ሂድ» ብሎ ስም ብቻ ጽፎ ዋሻው የት እንዳለ ካልነገረህ፣ ያለምንም ሼም ዝለል። ስካይሪም ይህን ፈተና በብዙ ኩዌስቶቹ ይወድቃል። በጣም ነው የምወደው፣ ግን ይወድቃል።

እናቴ በየዓመቱ ህዳር 6 ቁስቋም የምትወጣው በእግሯ ነው። ዳገቱን ታውቀዋለህ። ጉልበቷ ያማታል፣ ባጃጅ እንያዝ ስንላት ትቆጣለች። ከቅዳሜ ገበያ ጤፍ ስታመጣ ግን ገና ከገበያው ሳትወጣ ባጃጅ ትጠራለች። «ለጤፍ በእግር ሂጂ» ያላት ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔም ስካይሪም ውስጥ ሃይ ህሮትጋር የሚባለውን የተራራ ገዳም የምወጣው በእግሬ ነው። 7,000 ደረጃ ይሉታል እንጂ ቁጭ ብለው የቆጠሩት ሰዎች ከ1,000 በታች ነው ያገኙት። ቢሆንም በረዶው፣ መንገድ ላይ የሚጠብቅህ ነጭ ትሮል የሚባል ጭራቅ፣ በየመሀሉ የቆሙት የተጻፈባቸው ድንጋዮች፣ ሁሉም በእግር ለሚወጣ ሰው የተቀመጡ ናቸው። (ትሮሉ መጀመሪያ ይገድልሃል። ሁላችንንም ገድሎናል። እሳት ይፈራል።) ሰይፍና ጋሻ ተሸክሜ ልሸጥ ስመለስ ግን ጤፍ ነው፣ እዘላለሁ። ዕቃህ ከአቅምህ በላይ ከሆነ መዝለሉም እንደሚከለከል ልብ በል።

ባጭሩ የእኔ አካሄድ፣ ወደማላውቀው ቦታ የመጀመሪያውን ጉዞ በእግሬ፣ መመለሻውን እንደፈለግኩ። ስካይሪም ላይ መሀል የሆነ መንገድም አለ፦ የትልልቆቹ ከተሞች በረት አጠገብ ጋሪ ቆሟል። ወደ ትልልቆቹ 20 ወርቅ፣ ወደ ትንንሾቹ 50። ገና ያልረገጥከው ከተማ ድረስ ይወስድሃል። አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዋና ከተማ በጋሪ፣ ከከተማ ወዲያ በእግር።

አሁን ማንም ያላነሳልህ ነገር፣ መብራት። ዴስክቶፕ ነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የለኝም ብለሃል። ስካይሪም ፋስት ትራቭል ስታደርግ፣ ስትተኛ፣ በር አልፈህ ወደ ውስጥ ስትገባ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ስትራመድ ግን እንደዚያ አይደለም። አርባ ደቂቃ በእግርህ ሄደህ፣ ኬላውን ሰብረህ፣ ኦርኩን አግኝተህ፣ ልክ ከተማው ሲታይህ መብራት ድርግም ቢል የምትመለሰው የተነሳህበት ነው። በእኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለተኛው ቀን እራት አልበላሁም። በእግር የምትሄድ ከሆነ ኤፍ 5ን (ወዲያው ሴቭ የሚያደርገውን ቁልፍ) ልማድ አድርገው፤ ድልድይ በተሻገርክ ቁጥር ተጫነው። ዊቸር ላይም በፒሲ ያው ኤፍ 5 ነው። በዚሁ ምክንያት ፎልአውት 4 የሚባለውን ጌም በሰርቫይቫል (በጣም ከባዱ) ሞድ እንዳትሞክረው፤ መዝለል መከልከሉ ባልከፋ፣ ሴቭ የሚያደርገው ግን አልጋ አግኝተህ ስትተኛ ነው። ለኛ ሰፈር የተሠራ አይደለም።

ሌላው፣ ሃርድ ዲስክህ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ፋስት የሚለው ቃል ራሱ ውሸት ነው። በእኔ ላፕቶፕ ሎዲንጉ እስኪያልቅ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቅርጽ እያሽከረከርኩ እቀመጣለሁ፣ ወንድሜ ሻይ አፍልቶ ይመጣል። ቅርብ ቦታ ከሆነ በሩጫ ትቀድመዋለህ። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ያስገባሁ ቀን ነው ፋስት ትራቭል እውነት የሆነልኝ፣ የመዝለል ሱስ የተመለሰብኝም ያኔ ነው።

ዊቸር 3 ይህን ነገር የያዘበት መንገድ ይበልጥ ይመቸኛል። ካርታ ከፍተህ ካለህበት አትዘልም፤ መጀመሪያ የመንገድ ምልክት ሰሌዳ ጋ መድረስ አለብህ፣ ከዚያ ወዳገኘኸው ሌላ ሰሌዳ ትሄዳለህ። ልክ ታክሲ ተራ ድረስ እንደመሄድ። ስለዚህ ሳትወድ በግድ ትንሽ ትጓዛለህ፣ በዚያች ትንሽ መሀል ደግሞ አንድ ነገር አይጠፋም፦ የተቃጠለ መንደር፣ የሚያለቅስ ገበሬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነገር። ፈረሷ ሮች መንገድ ላይ ሆና ቁልፉን ተጭነህ ከያዝክ በሶምሶማ መንገዱን ራሷ ትከተላለች፤ አንተ ግራና ቀኝ ታያለህ። ሚኒ ማፑን ከሴቲንግ አጥፋው። እሱ እያለ አንተ የምትነዳው ጥጉ ላይ ያለችውን ነጠብጣብ መስመር እንጂ ፈረስ አይደለም። እኔ ቬለን የምትባለውን የጌሙን አገር ሁለቴ ዞሬያታለሁ፣ አንዴ ከማፑ ጋር አንዴ ያለ ማፑ፣ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ስኬሊገ የሚባሉት ደሴቶች ስትደርስ ግን ባሕሩ ላይ በጥያቄ ምልክት የተሞሉትን ሳጥኖች ልሰብስብ ብለህ በጀልባ እንዳትንከራተት። ያ ጉዞ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

ጓደኛህ «ጌሙን ተጫወትኩ አይበል» ሲል ዳርክ ሶልስ ስለሚባለው ጌም እያሰበ ይመስለኛል። እሱ ላይ ልክ ነው። በ2011ዱ ዳርክ ሶልስ ሎርድቬስል የሚባለውን ዕቃ እስክታገኝ፣ ማለትም እስከ ጌሙ አጋማሽ ድረስ፣ መዝለል የለም፤ ዓለሙም ለዚያ ተብሎ የተጠማዘዘ ነው። ከላይ ካለው ቤተክርስቲያን በሊፍት ወርጄ ራሴን ፋየርሊንክ፣ የተነሳሁበት ቦታ ላይ ሳገኘው ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። የዚያው ድርጅት ኤልደን ሪንግ በ2022 ሲመጣ ግን ከሜዳ ሆነህ ወዳገኘኸው «የጸጋ ቦታ» የሚባል ማረፊያ እንድትዘል ፈቀደ፣ ማንም «ይህ ጌም አይደለም» አላለም። ፈጣሪዎቹ ራሳቸው እንደ ዓለሙ ስፋት ይቀይሩታል፣ እኛ ነን ሃይማኖት ያደረግነው።

ድራጎንስ ዶግማ 2 የሚባለውን ጌም ያነሳልህ ልጅም ነበር። ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ ኢትሱኖ ከመውጣቱ በፊት ጉዞ የሚሰለቸው ጌሙ ራሱ አሰልቺ ስለሆነ ነው የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። መንገዱ በርግጥ ሕያው ነው፤ በበሬ ጋሪ ተሳፍረህ ስታንቀላፋ ጎብሊን ይወርርሃል፣ ግሪፈን ወርዶ ጋሪውን ይሰባብረዋል። በ2024 ሲወጣ ግን መዝለያ የሚሆነውን ፖርትክሪስታል አንዱን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጡ ስለነበር ሰው ተናደደ። ጉዞ ጥሩ ነው ካልክ በኋላ ማምለጫውን አትሸጥም። በግሌ ወድጄዋለሁ፣ ግን ማታ አንድ ሰዓት ላለው ሰው አልመክርም፤ ሳትደርስ ትተኛለህ።

ስለዚህ ከዊቸር 3 ጀምር። መነሻው ዋይት ኦርቻርድ ትንሽ ነው፣ እሱን ሙሉውን ያለ ፋስት ትራቭል ጨርሰው፤ በማታ አንድ ሰዓት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ቬለን ስትገባ ሰሌዳዎቹን ተጠቀም፣ ነገር ግን በየምሽቱ አንድ የማታውቀው መንገድ ይኑርህ። ከዚያ ወደ ስካይሪም። መጀመሪያ በመደበኛው፣ ጋሪና እግር። ሰርቫይቫል የሚባለውን ሞድ አሁን አትንካው፤ መዝለልን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ረሃብ፣ ድካምና ብርድ ይጨምራል። ፎልአውት ላይ ካልኩህ በተለየ ሴቭ አይከለክልም፣ ጋሪውም ይሠራል፣ ስለዚህ መንገዱን ከለመድክ በኋላ ግሩም ነው። ያን ጊዜ ስትጀምረው ቶሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊንተርሆልድ እንዳትወጣ፤ ብርዱ ጤናህን ይበላዋል። ወንዝ ውስጥም አትግባ። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ዓሣ ልይዝ ብዬ ገብቼ ነው የሞትኩት።