የሰው ገንዘብ ያዥ ልሁን ወይስ አማካሪ?

ከሜልበርን ለጻፍሽልኝ እህት፣

ሶሻል ወርክ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ተገኝቶልሻል። አንዱ የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት በሆነው ኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ያለ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ግማሽ ድጎማቸው በካርድ ተይዞ መጠጥ፣ ሲጋራና ቁማር የተከለከለባቸውን ሰዎች ታስተናግጃለሽ። ሌላው እዚያው አካባቢ ባለዕዳ ቤተሰቦችን የሚያማክር ትንሽ ድርጅት ነው፤ ደመወዙ ያንሳል፣ ኮንትራቱም ሁለት ዓመት ነው። እናትሽ «የመንግሥት ሥራ ተገኝቶ!» ይላሉ። አንቺ ደግሞ «የሰው ገንዘብ ይዤ ረዳሁ ማለት እችላለሁ?» ብለሻል።

አትችይም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ መንግሥት ሕፃናትን ከጥቃት ላድን ብሎ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ሲገባ፣ በ73 የአቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) መንደሮች የነዋሪውን ድጎማ ግማሹን ያዘ። ለዚህ ሲባል የ1975ቱ የዘር መድልዎ ሕግ ታገደ። በ2010 ሕጉ እንዲመለስ ሲወሰን ቁጥጥሩ ዘር ሳይለይ በድጎማ ዓይነት እንዲሆን ተጻፈ፤ ካርዱ ግን አሁንም በብዛት ያለው በአቦርጂናሎቹ ኪስ ነው። መንግሥት ራሱ ያስጠናው ግምገማ በ2014 ወጥቶ የታሰበው ለውጥ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ከቁጥጥሩ ነፃ ከተደረጉት የሚበዙት ደግሞ አቦርጂናል ያልሆኑት ነበሩ።

ነገሩ ከካርዱም ይቀድማል። በኩዊንስላንድ ግዛት መንግሥት የአቦርጂናል ሠራተኞችን ደመወዝ «እኔ ላስቀምጥላችሁ» እያለ ለአሥርት ዓመታት ይዞባቸዋል፤ ክሱ የተቋጨው በ2019 በ190 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው።

ካርዱን የሚወዱ እናቶች እንዳሉ አልክድም። ድጎማ በገባ ቀን የሚመጣውን ዘመድ «ገንዘቡ ካርድ ላይ ነው» ብለው ይሸኙታል። ወደውና ፈቅደው ከገቡበት ማንም አይቃወምም። በኩዊንስላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ኬፕ ዮርክ ውስጥ፣ ከ2008 ጀምሮ የማን ድጎማ ይያዝ የሚለውን የሚያዩት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቤተሰቡን ጠርተው አነጋግረው ነው የሚወስኑት። እንዲህ ያለ ቦታ ብትጠሪ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እኔ እንዲህ ባለ መስኮት ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ደግ ሠራተኛ ወረፋ ያሳጥራል እንጂ ደንብ አይለውጥም።

በትንሹ ድርጅት ግን የምትሠሪው ለሰውየው ነው። ዱቤ የሰጠ ባለሱቅ የባንክ ካርዱን ከነሚስጥር ቁጥሩ ሲይዝበት ሄደሽ ታስመልሻለሽ። ዩፕላ የተባለው የቀብር ፈንድ በ2022 ሲፈርስ፣ ለዓመታት የከፈሉ የአቦርጂናል ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀርተው ነበር። እድር ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ያን ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ የሚከራከርላቸው አማካሪ ነው፤ እኔም መስኮቱን ትቼ የገባሁት እዚህ ሥራ ውስጥ ነው።

ስለ እናትሽ ግልጹን ልንገርሽ። የደመወዙ ልዩነት የሚሄደው አዲስ አበባ ለሚሠራው የወንድምሽ ቤት መሆኑን አንቺው ጽፈሻል። ጣሪያው አንድ ክረምት ይቆይ፣ ወይ ባለቤቱ ይጨምርበት። «ቋሚ ነው» የሚሉትም አያሳምነኝም፤ በ2016 ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሴዱና ከተማ ላይ በሙከራ የተጀመረው ሌላኛው ካርድ በ2023 ቀርቷል።

ብቸኝነቱ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። ለጾሙ ምስርና ሽሮ ጭነሽ ሂጂ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የገንዘብ አማካሪነቱን ዲፕሎማ እየሠራሽ እንድትማሪ ይከፍሉልሽ እንደሆነ፣ በድርጅቱ ቦርድ ውስጥም የመንደሩ ሰው ይኖር እንደሆነ። ሁለተኛው መልስ «የለም» ከሆነ እንደገና ጻፊልኝ።