ፎስፌቱ አልወርድ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ካዛንቺስ፣ ፎቅ ቤት ነው። 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ሦስት ሌሎች ትናንሽ ዓሣዎችና ለስላሳ ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) አሉበት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድንጋዩን ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ወርሶታል። አልጌ የሚመገባቸውን ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ስለካ ፎስፌቱ በሊትር 0.42 ሚሊግራም፣ ናይትሬቱ 8 ነው። በየሳምንቱ 40 ሊትር እቀይራለሁ፤ በማግስቱ ወረድ ይልና ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ እዚያው ነው። የቧንቧ ውሃችን ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃ መቀየርህን አትተው። ግን ፎስፌቱ ያለው ውሃው ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ድንጋዩ ላይም ነው። ድንጋይህም አሸዋህም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ፎስፌት ደግሞ እላያቸው ላይ ይለጠፋል። ውሃው ውስጥ ሲበዛ ይይዙታል፣ ሲያንስ ይለቁታል። ከ200 ሊትር 40 ስትቀይር 0.42 የነበረው 0.34 ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ድንጋዩ ያጠራቀመውን ቀስ እያለ ይመልሰዋል፣ አንተም በየቀኑ ምግብ ትጨምርበታለህ። ስለዚህ አልወርድ ማለቱ አይግረምህ፣ የወራት ክምችት ነው።

ከየት መጣ ካልከኝ በአብዛኛው ከምግቡ ነው። ደረቅ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ፎስፈረስ ነው፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። 1 ግራም ምግብ ውስጥ 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለ እንበል፤ ይህ ወደ ፎስፌት ሲቀየር 30 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፣ ለ200 ሊትር ስታካፍለው በሊትር 0.15። አንድ ግራም ብቻ! ዓሣው ቢበላውም አብዛኛው በኩሱ ተመልሶ ይወጣል። ዓሣዎቹን አስርባቸው እያልኩህ አይደለም። በጣትህ ቆንጥረህ ስጥ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆመህ እይ፣ ሳይበላ የገንዳው ወለል ላይ የሚወርድ ካለ በዝቷል ማለት ነው። በረዶ የሆነውን ምግብ በትንሽ ብርጭቆ አሟሟውና በሻይ ማጥለያ አጥልለው፣ ጭማቂውን ድፋው። ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል ብዬ አልዋሽህም፣ ግን ምንም አያስከፍልህም። ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹ እየተሯሯጡ የሚበትኑት ምግብ ካለ እሱን አስቁም፤ ብዙ ቤት ጥፋቱ እዚያ ጋ ነው።

የቧንቧ ውሃውን መጠርጠርህ ጥሩ ነው፤ መልሱን ግን መለኪያው ይንገርህ። ጨው ሳትጨምርበት ከሮቶው የሚመጣውን ለካ፣ ከዚያ በአርኦ ማጣሪያህ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራው) ያለፈውን ለካ። ፎቅ ላይ የውሃ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ማጣሪያው እንደሚገባው አይሠራም፤ ሦስት ባር ገደማ ካላገኘ የግፊት ፓምፕ ያስፈልገዋል። ማጣሪያ ከሌለህ ግን ከምንም ነገር በፊት እሱን ግዛ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ማውረዱ። የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ የሚባለው ፎስፌት መምጠጫ ይሠራል። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሹ ጀምር። ቀዩ ዱቄት እስኪለቅ ድረስ በተጣራ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ውሃ በደንብ በሚያልፍበት ቦታ በከረጢት አስቀምጠው። በየሁለት ቀኑ ለካ። በሳምንት ከ0.05 እስከ 0.1 ቢወርድ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትቸኩል። ከፍ ባለ ፎስፌት የለመደ ኮራል በአንዴ ሲጎድልበት ይነጣል፣ ሥጋውም ሊላጥ ይችላል። እኔ አንተን ብሆን ከ0.03 እስከ 0.1 ውስጥ ሲገባ አቆማለሁ። ቁጥሩ ለጥቂት ሳምንታት ንቅንቅ ካላለ ተስፋ አትቁረጥ፤ ድንጋዩ እየለቀቀ መምጠጫው እየያዘ ነው። መምጠጥ ሲያቆም ቀይረው። አልጌውን ደግሞ በእጅህ ንቀለውና አውጣው፤ የበላው ፎስፌት አብሮት ይወጣል። ላንታነም ክሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ የሚመክርህ ሰው ካለ ለጊዜው ይቅርብህ፤ ኃይለኛ ነው፣ አጠቃቀሙን ለማያውቅ ሰው ዓሣ ይገድላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ጠረፍ ላይ ካለ ገንዳ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ዓሣዎቹና ቀንድ አውጣዎቹ ቶሎ የሚታፈኑት ለዚህ ነው። ታፍኖ የሞተ ቀንድ አውጣ ድንጋይ ሥር ሲበሰብስ ደግሞ ያው ፎስፌት ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከቤት አይጥፋ።

ጥያቄ፦ እኔ ፒያሳ ነኝ፣ ችግሬ ተቃራኒው ነው። መምጠጫውን በደንብ አድርጌ ፎስፌቱ 0.00፣ ናይትሬቱም ዜሮ ሆነልኝ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ኮራሎቼ ገረጡ፣ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር አረፋ ይዞ ተንጠለጠለ። ማታ ይቀንሳል፣ ቀን ይመለሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ መምጠጫውን አውጪው። ኮራልም ፎስፌት ይፈልጋል፣ ዜሮ ሲሆን ይራባል። ንፍጡ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ክምችት ይመስለኛል፤ ፎስፌትና ናይትሬት ሲያልቁ ሌሎቹ ተፎካካሪዎቹ ይደክሙና ቦታውን እሱ ይወርሳል። አራት ኪሎ ካምፓስ ሳይንስ የሚማር ዘመድ ካለሽ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ አሳዪው፣ እርግጡን ታውቂያለሽ። እስከዚያ የዓሣዎቹን ምግብ ትንሽ ጨምሪ፣ ውሃ መቀየሩን ለጊዜው ያዝ አድርጊው፣ ንፍጡን በቱቦ እየሳብሽ በጨርቅ አጥልለሽ ውሃውን መልሺው። ፎስፌቱ 0.05፣ ናይትሬቱ 5 አካባቢ ሲደርስና እዚያው ሲቆይ ኮራሉ ቀለሙን መመለስ ይጀምራል። ሳምንታት ይወስዳል፣ ታገሺ።

ጥያቄ፦ ከሜክሲኮ ሰፈር ነው። ፎስፌት ስለካ ዲጂታል መለኪያዬ 35 ይላል። የሌላው ሰው 0 ነጥብ ምናምን ነው። የኔ መርዝ ሆኗል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አትደንግጥ። ያንተ መለኪያ የሚናገረው ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፈረስን ነው፣ እሱንም በቢሊዮን ውስጥ ስንት እንዳለ ቆጥሮ። በ3.066 አባዛውና ለ1,000 አካፍለው፦ 0.107 ይመጣል። ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን ኮራሎችህ ደህና ከሆኑ ምንም አትንካ፤ ምግቡን ብቻ ቀነስ አድርገህ በሳምንቱ ድገመው። ስትለካ ብልቃጡን በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው፣ የጣት አሻራ ብቻውን ቁጥሩን ያዛባል። በሚቀጥለው ስትጽፍልን ቁጥሩ የፎስፈረስ ይሁን የፎስፌት አብረህ ንገረን።