ፍሪስፔስ 2 አልከፍት ላለው የሳቢያን ልጅ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈልኝ ወጣት ችግሩ ይህ ነው፦ ውጭ ያለች እህቱ ፍሪስፔስ 2 የተባለውን የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ከጎግ (የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ) ገዝታ ላከችለት። ፍሪስፔስ ኦፕን በሚባለው በአዲሱ ሞተር (ጨዋታውን በሚያስኬደው ፕሮግራም) ሊከፍተው ሲል ግን «ያለህ ኦፕንጂኤል 3.1፣ የሚፈለገው 3.2» የሚል መልእክት ወጥቶ ይዘጋበታል። ኦፕንጂኤል ጨዋታው ግራፊክስ ቺፑን ምስል እንዲስል የሚያዝበት ቋንቋ ነው፤ ቁጥሩ ስሪቱ ነው። ላፕቶፑ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ግራፊክሱ ኢንቴል ኤችዲ 3000፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ታይዋን ገበያ ያማከረው ሰው «ግራፊክስ ካርዱን ቀይር» ብሎታል።

አቦ፣ ብርህን እንዳታወጣ! ኤችዲ 3000 ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ተነቅሎ የሚቀየር ካርድ የለህም። ቺፑም ጤነኛ ነው። የጎደለው ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቺፑን የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። ኢንቴል ለዚህ ቺፕ በዊንዶውስ ያወጣው ድራይቨር 3.1 ላይ ቆሟል፤ አፕዴት ብትፈልግ ከዚያ በላይ አታገኝም። በሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራ ነፃ ስርዓተ ክወና) ግን ሜሳ የተባለው ድራይቨር ያንኑ ቺፕ 3.3 ያደርሰዋል።

የ1999 ጨዋታ ይህን ለምን ይጠይቃል? ቮሊሽን ጨዋታውን በ1999 እ.ኤ.አ. ሠርቶ በ2002 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ አፍቃሪዎቹ ሞተሩን ያለ ደመወዝ እያደሱት ነው። ከሞተሩ ስሪት 3.8 ጀምሮ የግራፊክስ ክፍሉን ስለቀየሩት ኦፕንጂኤል 3.2 ግድ ሆነ። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ያን ባያደርጉ የጨዋታው ጠላቶች የሺቫኖቹ ግዙፍ መርከቦች ዛሬ በምናየው ውበት አይታዩም ነበር።

ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፍና ሳትጭነው ከፍላሹ አስነሳው። «ሲስተም ሪፖርትስ» ውስጥ የኮምፒውተሩን መረጃ ክፈትና ኦፕንጂኤል የሚለውን መስመር አንብብ። 3.3 ካለህ ፎቶና ሰነድህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ ይህን ሳታደርግ ወደ መጫን አትሂድ። ከዚያ ከዊንዶውሱ ጎን ጫነው። ቀጥሎ ክኖሶስ ኔት (Knossos.NET) የሚባለውን ማስጀመሪያ አውርድና እህትህ የላከችውን የመጫኛ ፋይል አሳየው፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቢሆንም ራሱ ፈትቶ ያወጣዋል።

ሊኑክስ አልፈልግም ካልክ የሞተሩን የድሮ ስሪት 3.7.4ን በዊንዶውስ መሞከር ትችላለህ። ዋናውን ታሪክ ትጫወትበታለህ፤ አፍቃሪዎቹ በኋላ የሠሯቸው አዳዲስ ዘመቻዎች ግን አዲሱን ሞተር ስለሚፈልጉ ያመልጡሃል። እኔ አልመርጠውም።

ሚዲያቪፒ የሚባሉትን የተሻሻሉ ምስሎች ለጊዜው ተዋቸው። ብዙ ጊጋ ዳታ ይበላሉ፤ ኤችዲ 3000ም አይችላቸውም። ጥላውንና የብርሃን ማስዋቢያዎቹን አጥፋ። ፍጥነቱን በመጀመሪያው ተልዕኮ አትፍረድ፤ ያ ቀላል ነው። ማሽኑን የሚፈትነው ኔቡላው፣ ማለትም በጠፈር የጋዝ ደመና ውስጥ የሚደረገው ተልዕኮ ነው፤ ጉሙ ሽፋን በሽፋን ስለሚሳል ቺፑ እያንዳንዱን ነጥብ ደጋግሞ ይቀባል። እዚያ ከተንቀረፈፈ ሪዞሉሽኑን ቀንስ።

በመጨረሻ የድሬን ሙቀት አትርሳ። የዚያ ዘመን ላፕቶፕ ፔስቱ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ደርቋል፤ ከሰዓት ስትጫወት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንተም ጨዋታውን ትወቅሳለህ። ፋኑን አስጠርገህ ፔስቱን አስቀይር፤ አልጋ ላይ አድርገህም አትጫወት፣ የአየር መግቢያው ከታች ነው።